በር የሌለው መታጠቢያ ቤት፦ ጠይቁኝ፣ ልመልስ

ሰላም የጎንደር ልጆች። ባለፈው ሳምንት አንዲት እህታችን «ጥምቀት ደረሰ፣ እንግዶቼ እየመጡ ነው፣ መታጠቢያ ቤቴ ግን በር የለውም፣ ምን ይሻለኛል?» ብላ እዚህ ጽፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚጽፍልኝ በዛ። ስለዚህ ዛሬ ማታ እዚሁ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። አናጢ ነኝ። እንጨትና ቀርከሃ እሠራለሁ። የሌላ ሰው ሙያ ውስጥ አልገባም።

ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉልኝ፦ የክፍተቱን ስፋት፣ ከፍታውን፣ ግድግዳው ብሎኬት ይሁን ጭቃ። ደግሞ በር የሚከልለው ዓይንን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ድምፅ አለ፣ ሽታ አለ። እንግዳ በይሉኝታ ሽንቱን ይዞ የሚያመሸው ሰው ያየኛል ብሎ ብቻ ሳይሆን ሰው ይሰማኛል ብሎም ነው።

የማራኪዋ፦ ያቺ እህት እኔ ነኝ ጋሼ። ስፋቱ 85 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው 2 ሜትር ከ10፣ ግድግዳው ብሎኬት። በር ቢገጠም ወደ ውስጥ ሲከፈት የሽንት ቤቱን መቀመጫ ይመታል። ወደ ውጭ እንዳይከፈት ደግሞ ደጃፉ ጎን የውሃ በርሜሎቼ ተደርድረዋል። መጋረጃ ሰቅያለሁ፤ ግን የሳሎኑ ሶፋ ፊት ለፊት ስለሆነ ንፋስ በነካው ቁጥር እሳቀቃለሁ።

አናጢው፦ እንዲህ ነው የሚጠየቀው፣ ተባረኪ። በመጀመሪያ ሶፋው ላይ እንግዳ የሚቀመጥበት ቦታ ቁጭ በይ። መጋረጃውን ግለጪና ምን እንደሚታይሽ እይ። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ከታየሽ ችግሩ የጨርቁ አይደለም፣ የአቅጣጫው ነው። የሚያስፈልግሽ መከለያ ነው። ከክፍተቱ ፊት ለፊት፣ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ30 የሆነ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ያለ። ሰው በጎኑ ዞሮ ይገባል። በአውሮፕላን ማረፊያዎች በር የሌላቸው ሽንት ቤቶች አይተሽ ይሆናል። ሰው ተጠምዝዞ ነው የሚገባው። ሰው ይታጠፋል፣ ዓይን ግን አይታጠፍም።

ሁለት ሞራሌ፣ ማለትም አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ እንጨት፣ ከወለል እስከ ጣሪያ አቁሚ። ላይኛው ጫፍ ኮርኒሱን ሳይሆን ከኮርኒሱ በላይ ያለውን እንጨት ይያዝ። መሃሉን በኮምፔንሳቶ ወይም በቀርከሃ ሙይው። ታችኛው ጠርዝ ከወለሉ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ አለበለዚያ የጽዳት ውሃ እየጠጣ ይበሰብሳል። በርሜሎቹም ከጀርባው ይቀሩልሻል።

መጋረጃውንም አትጣይው። የክፍተቱን እጥፍ አድርጊው፤ ለ85 ክፍተት 1 ሜትር ከ70 ጨርቅ ማለት ነው። ዘንጉ በግራም በቀኝም 15 ሳንቲ ሜትር ይትረፍ። እጥፋቱ ውስጥ ቀጭን ሰንሰለት ስፊበት፣ ንፋስ አያነሳውም። ግድግዳውን ከመብሳትሽ በፊት ግን የቧንቧና የመብራት መስመር የት እንደሚያልፍ አጣሪ። ይህን ማስጠንቀቂያ ዛሬ ደጋግሜ እጽፈዋለሁ።

የአራዳው፦ ከመጋረጃና ከበር የቱ ይሻላል?

አናጢው፦ ሦስቱን ነገር አልጻፍክም።

የአራዳው፦ በአጠቃላይ ማለቴ ነው።

አናጢው፦ በአጠቃላይ የሚባል መታጠቢያ ቤት ገጥሞኝ አያውቅም ወንድሜ። ለካና ተመለስ።

የቀበሌ 18ቷ፦ ጋሼ፣ ለመከለያው ቀርከሃ ይሆናል ብለዋል። እርጥበት አያበላሸውም? ጎረቤቴ ያሠራችው በዓመቱ ዱቄት ዱቄት ሆነባት።

አናጢው፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ዱቄቱ የእርጥበት ሥራ አይደለም፣ የነቀዝ ነው። ነቀዙ የሚበላው በቀርከሃው ውስጥ ያለውን ስታርች ነው። ለጋ ቀርከሃ የተቆረጠለትና ሳይታከም የተሠራለት ሰው ይጎዳል። ሦስት ዓመት ያለፈው፣ በበጋ የተቆረጠ ፈልጉ። ጥሬውን ውሃ ውስጥ ለሳምንታት መዘፍዘፍ ስታርቹን ያወጣዋል። ቦራክስና ቦሪክ አሲድ ባለበት ውሃ መንከር ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ቆሞ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ከተጣለ ይሰነጠቃል።

የእኛ አገር ቀርከሃ ሁለት ዓይነት ነው። የቆላው ውስጡ ድፍን ነው፣ ይከብዳል፣ ለቋሚ ይሆናል። የደጋው ባዶ ነው፣ በቀላሉ ይሰነጠራል፣ ለጠለፋ የሚሆነው እሱ ነው። በእንጅባራ ያለፈ ሰው መንገድ ዳር ወንበርና አልጋ ተደርድሮ አይቷል፤ እሱ የደጋው ነው። ሚስማር በቀጥታ አትምቱበት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይከፈላል። መጀመሪያ በቀጭን መሰርሰሪያ ብሱት። ጫፉ ሲቆረጥ አንጓው አጠገብ ይሁን፤ ክፍት ቱቦ ከቀረ ውሃና ነፍሳት ይገባበታል። ቫርኒሹን ሁለት ጊዜ ቀቡ፤ የተቆረጠውን ጫፍ ሦስት ጊዜ። ለራሴ የሠራሁት መከለያ አለ። ስታልፉ ጥላችሁ ይታያል፣ መልካችሁ አይታይም። አየርም ያሳልፋል። ኮምፔንሳቶ ይህን አያደርግም።

የቀበሌ 18ቷ፦ ዋጋውስ?

አናጢው፦ ዋጋ እዚህ አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያጣላናል።

የሳሙና በሩ፦ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሽንት ቤትን በመጋረጃ መክደን ነውር ነው። በር በር ነው።

የፒያሳው፦ ምን ነውር አለው? ነገሥታቱስ ከመጋረጃ ጀርባ አልነበር የሚቀመጡት? በዚሁ ከተማ!

የሳሙና በሩ፦ ንጉሥ ለክብር ነው የተጋረደው። አሁን የምናወራው ስለ ሽንት ቤት ነው እኮ።

የፒያሳው፦ ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ነበራቸው። ቅስቱን ሄደህ እየው። የፋሲል ነው።

የሳሙና በሩ፦ የፋሲል ነው ያለህ ማን ነው? የኢያሱ ነው ሲባል ነው የሰማሁት።

አናጢው፦ ወገኖቼ፣ የግቢውን ነገር ሌላ ቀን በሰፊው እናውራው፣ እኔም ደስ ይለኛል። ዛሬ ግን እንግዳ የሚመጣበት ሰው ወረፋ እየጠበቀ ነው።

ከአዘዞ፦ ተከራይ ነኝ። ጭቃ ቤት ነው። ስፋቱ 78፣ ከፍታው 1 ሜትር ከ95። አከራዬ ሚስማር እንዳትመታ ብለውኛል።

አናጢው፦ አከራይህ ልክ ናቸው። ጭቃ ላይ ፊሸር፣ ማለትም ቡሎን የሚይዘው የፕላስቲክ ማቀፊያ፣ አይዝም። ልስኑን ይዞ ይወርዳል። እየተጠመዘዘ በሁለቱ ግድግዳ መሃል የሚጨናነቀውን ዘንግም አልመክርህም፣ ሲገፋው ልስኑ ይሰረጎዳል። ሁለት ቀጥ ያሉ የባህር ዛፍ እንጨቶች ከክፍተቱ ግራና ቀኝ አቁም። ከላይ አግዳሚ እሰርባቸው፣ ከታች ሰፊ ጣውላ እግር አድርግላቸው። መጋረጃው አግዳሚው ላይ ይሰቀላል። ስትለቅ ይዘኸው ትሄዳለህ። አከራይህ ከፈቀዱ ደግሞ ልስኑን መታ መታ አድርገህ አዳምጥና ምሰሶውን ወይም ማገሩን ፈልግ፣ ሚስማሩ እሱን ይያዝ። በዚያ ግድግዳ ላይ የመብራት መስመር አለመኖሩን አረጋግጥ።

የጨጨላዋ፦ ዓይኑንስ ጋረድን። ሽታውን ምን እናድርገው?

አናጢው፦ ቧንቧ ሠራተኛ አይደለሁም፤ አንድ ነገር ግን እነግርሻለሁ፤ ብዙ ቤት ያየሁት ስለሆነ። የወለሉ ፍሳሽ መውጫ ውስጥ ጠመዝማዛ ጉሮሮ አለ። እዚያ የሚቀረው ውሃ ነው የፍሳሹን ሽታ የሚያግደው። በፈረቃ ውሃ የሚኖር ቤት ደግሞ በባልዲ ሌላ ቦታ ይታጠባል፣ ወለሉ ለሳምንታት ውሃ አያገኝም። ጉሮሮው ይደርቅና ሽታው ወደ ቤት ይወጣል። ሰዉ በር ስለሌለ ነው ይላል፤ በር ቢገጠምም ይሸታል። በሳምንት አንድ ሁለት ጆግ ውሃ ጨምሪበት። ከላይ መስኮት ካለ ክፍት ይሁን። መከለያሽ እስከ ኮርኒስ ድረስ አይድፈን። ዕጣን አጭሰሽ አትሸፍኚው።

የአራዳው፦ ለካሁ። ስፋት 90፣ ከፍታ 2 ሜትር፣ ብሎኬት። በግድግዳው ላይ የሚንሸራተት በርስ?

አናጢው፦ አሁን ተግባባን። ይሆናል፣ ከጎኑ ባዶ ግድግዳ ካለህ። በሩ ከክፍተቱ በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ይትረፍ፤ እንግዲህ 1 ሜትር ነው። ሲከፈት የሚያርፍበት ሌላ 1 ሜትር ያስፈልገዋል፤ ሐዲዱ 2 ሜትር ይሆናል። እንዲህ ዓይነት በር ግን ከግድግዳው ጋር አይጣበቅም። በዚያች ክፍተት ድምፅ ይወጣል። ጠርዙ ላይ ብሩሽ ወይም ወፍራም ጨርቅ ለጥፍበት። ከመብሳትህ በፊት መስመሩን፣ ቧንቧውን።

ከአውቶ ፓርኮ፦ ለበር ቦታ የለኝም፣ መጋረጃ ይበቃል?

አናጢው፦ ከላይ ተመልሷል። ለማራኪዋ የጻፍኩትን አንብብ።

ከአውቶ ፓርኮ፦ አንብቤዋለሁ፣ ግን ለኔ ቤት?

አናጢው፦ ቤትህን አላየሁትም። ስፋት፣ ከፍታ፣ ግድግዳ!

የፒያሳው፦ የኔ ከጣሊያን ጊዜ የቀረ ቤት ነው። ክፍተቱ ቅስት ነው፣ በር የሚይዝ ክፈፍ የለውም። 1 ሜትር ከ10፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ።

አናጢው፦ ቅስቱን አትንካው። እንዲያ ያለ ቤት ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. የተሠራ ነው፣ ዛሬ የሚሠራልህ የለም። ዘንጉን ከቅስቱ በላይ፣ ጣሪያው ላይ ስቀል። ጨርቁ ቅስቱን አልፎ ይውረድ። በር ካማረህ የግድግዳው ውፍረት ውስጥ ሁለት ተጣጣፊ ክንፍ ይገባል፤ መጥተህ አናግረኝ።

ከቁስቋም፦ መስታወት በረዶ ቢመስል...

አናጢው፦ አልሙኒየም ሠሪ ጠይቅ።

ከደብረ ብርሃን ሥላሴ አካባቢ፦ ልጄ፣ እኔ በምርኩዝ የምሄድ ሰው ነኝ። ልጆቼ በሩን አንስተውልኛል፣ ብወድቅ እንዲደርሱልኝ። መጋረጃው አለ። ግን ሰው እንዳለ ሳያውቁ ዘው ይላሉ።

አናጢው፦ እማማ፣ ልጆችዎ ደግ አደረጉ። ወለሉ ላይ ሐዲድም ደፍም አይኑር፣ ምርኩዙ ይሰናከላል። መጋረጃው ወለል እንዳይነካ፣ እግር ይጠልፋል። እናቴም እንደ እርስዎ ነበረች። ከክፍተቱ ውጭ በትከሻዋ ቁመት አንድ የልብስ መስቀያ ገጠምኩላት። ስትገባ ነጠላዋን እዚያ ትሰቅላለች። ነጠላዋ ካለ ማንም ወደዚያ አይጠጋም፣ ሕፃናቱ ሳይቀሩ። ስትወጣ ተከናንባ ትወጣለች። ከውስጥ ደግሞ የምትይዘው ጠንካራ እጀታ ነበራት። ለእርስዎም መጥቼ እገጥማለሁ፣ ገንዘብ አያስቡ።

የማራኪዋ፦ ጋሼ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጬ አየሁ። መቀመጫው ሙሉ በሙሉ ይታያል። ባለቤቴ ብርድ ልብስ ይዞ እርስዎ ባሉት ቦታ ቆመልኝ። የሚታየኝ ብርድ ልብሱ ብቻ ነው።

አናጢው፦ በቃ፣ ባለቤትሽ የቆመበትን በጠመኔ አስምሪበት። ጠዋት ሞራሌዎቹን ይዤ እመጣለሁ።