ጥያቄና መልስ፦ ኤሌክትሮድ በጥምዝ የፕላዝማ ማሽኖች ውስጥ

ጥምዝ ማሽን (ስቴላሬተር) ፕላዝማን፣ ማለትም እጅግ የጋለ ኤሌክትሪካዊ ጋዝን፣ በተጠማዘዘ የመግነጢስ መስክ የሚይዝ ነው። እዚህ የምናወራው ቮልቴጅ የተሰጠው ኤሌክትሮድ ፕላዝማው ውስጥ አስገብቶ እገዳውን፣ ማለትም ፕላዝማው ሳያፈተልክ ተይዞ መቆየቱን፣ ስለማሻሻል ነው።

ጥያቄ፦ ብረት ፕላዝማ ውስጥ ማስገባት ማቀዝቀዝ አይደለም እንዴ? እንዴት ነው እገዳውን የሚያሻሽለው?

መልስ፦ ያቀዘቅዛል፤ ለዚህም ነው በአነስተኛና ብዙ በማይግሉ ማሽኖች የሚዘወተረው። ከኤሌክትሮዱ ወደ ግድግዳው የሚሄደው ከረንት ግን የመግነጢስ መስኩን አቋርጦ ስለሚያልፍ ፕላዝማውን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ፕላዝማውም መሽከርከር ይጀምራል። ፍጥነቱ ከንብብር ንብብር ሲለያይ የሁከት አዙሪቶችን ይቆራርጣቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 በሎስ አንጀለስ ሲሲቲ በተባለው ቶካማክ (ቀለበት ቅርጽ ያለው ሌላ ዓይነት የፕላዝማ ማሽን) ላይ ታይቷል። መሻሻሉን ለማወቅ የፕላዝማው እፍግታ ሲጨምር የሃይድሮጅን አልፋ ብርሃኑ (የሃይድሮጅን አቶሞች ቀይ ብርሃን) መውረዱን እዩ። ሁለቱም አብረው ከወጡ ጋዝ ነው የጨመራችሁት።

ጥያቄ፦ ቮልቴጁን ቀስ ብለን ስንጨምር ከረንቱ ድንገት ወደቀ። ዕቃው ተቃጠለ?

መልስ፦ አልተቃጠለም፤ የምትፈልጉት እሱ ነው። ሽክርክሪቱን የሚይዘው የአዮኖቹ ቪስኮሲቲ (የውስጥ ሰበቃ) ከፍጥነቱ ጋር ዝም ብሎ አያድግም፤ ጫፍ አለው፣ ከጫፉ በኋላ ይቀንሳል። በጥምዝ ማሽን ላይ ደግሞ የጥምዝ ሞገዱ (ጥምዙ በመስኩ ጥንካሬ ላይ የሚያመጣው ከፍና ዝቅ) የራሱን ተጨማሪ ጫፍ ያመጣል፤ ስለዚህ አንዱን ተሻግሮ ሁለተኛው ላይ መቆም አለ። ፓወር ሰፕላያችሁ ቮልቴጅ የሚቆጣጠር ከሆነ ከጫፉ በኋላ ከረንቱ ሲወርድ ታያላችሁ። ከረንት የሚቆጣጠር ከሆነ ቮልቴጁ ይዘላል፣ ሲመለስም በዚያው ነጥብ አይመለስም። ብልጭታ (አርክ) ቢሆን ኖሮ ተቃራኒው ነበር፦ ከረንቱ ይወጣል፣ ቮልቴጁ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሮዱ ኔጌቲቭ ቮልቴጅ ሲሰጠው ለምን ትኩስ ካቶድ (ግሎ ኤሌክትሮን የሚለቅ ኤሌክትሮድ) ያስፈልጋል? ግራፋይት አይበቃም?

መልስ፦ ለፖዘቲቭ ይበቃል፤ ኤሌክትሮን መሰብሰብ ቀላል ነው። ኔጌቲቭ ሲሆን ግን ቀዝቃዛ ኤሌክትሮድ የሚያገኘው የአዮን ከረንት ብቻ ነው፦ በኪዩቢክ ሜትር 10¹⁸ ቅንጣትና 20 ኤሌክትሮን ቮልት ሙቀት ባለበት በስኩዌር ሴንቲ ሜትር ግማሽ አምፔር እንኳ አይሞላም። በጃፓን ሴንዳይ የሚገኘው የቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ሄሊያክ የተባለ ጥምዝ ማሽን (ዋና ራዲየሱ 48 ሴንቲ ሜትር፣ መስኩ 0.3 ቴስላ) የላንታነም ሄክሳቦራይድ ካቶድ የተጠቀመው ለዚሁ ነው። ይህ ቁስ 1600 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ በስሌት 7 አምፔር ገደማ የኤሌክትሮን ከረንት በስኩዌር ሴንቲ ሜትር ይለቃል። 1500 ላይ ወደ 2.5 ይወርዳል፤ ስለዚህ የማሞቂያውን ኃይል ሳትቆጣጠሩ ውጤት አታወዳድሩ።

ጥያቄ፦ ካቶዳችን ተሰነጠቀ፤ የቀድሞውም የኤሌክትሮን ልቀቱ ሞቶ ነበር።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ስንጥቁ ከችኮላ ነው፤ ቁሱ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ስለሆነ በደረጃ አሙቁት፣ በደረጃም አቀዝቅዙት። መያዣው ለመስፋት ቦታ ይተውለት። ልቀቱን የሚገድለው ኦክስጅንና የውሃ እንፋሎት ነው፤ ክፍሉን ጋግራችሁ ውሃውን ሳታስወጡ አታግሉት። ሌላም አለ፦ ቦሮን በሙቀት ወደ ታንግስተንና ሞሊብዲነም ስለሚሰርግ መያዣው ይሰባበራል። በግራፋይት ወይም በሬኒየም ያዙት።

ጥያቄ፦ ለእውነተኛ የፊውዥን (የአቶም ውህደት ኃይል) ሬአክተር ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም፤ ያን ሙቀት የሚችል ኤሌክትሮድ የለም። ጥቅሙ መለኪያነቱ ነው። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ኤችኤስኤክስ በተባለው ጥምዝ ማሽን ላይ በዚሁ ዘዴ ፕላዝማውን ገፍተው ሲለቁት፣ የመስኩ ሲሜትሪ ሲጠበቅ ሽክርክሪቱ ዘግይቶ እንደሚቆም፣ ሲሜትሪው ሆን ተብሎ ሲፈርስ ግን ቶሎ እንደሚቆም ለክተዋል።