ኦቨን ለገዛችሁ ልጆች

ደመወዝ ይዛችሁ፣ ቤት ተከራይታችሁ፣ ኦቨን የገዛችሁ ልጆች በበዓል ሰሞን የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ጋሼ፣ እንደ ውጭ አገሩ ቪዲዮ የበሬ ሥጋውን ሳልቆራርጥ ቅጠል ቀብቼ ኦቨን ውስጥ ጠበስኩት፣ ለምን አልታኘክ አለ?»

እዚህ አዳማ ሆቴል ቤት ስጠብስ ነው ያረጀሁት። መልሴ አጭር ነው፤ ቪዲዮው ስለ ሌላ ሥጋ ነው የሚያወራው። ውጭ አገር የሚጠበሰው ከታረደ በኋላ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት በማቀዝቀዣ የቆየ ነው፤ ስቡም በሥጋው መሃል ገብቷል። የእናንተ ግን ሌሊት ታርዶ ጠዋት ሉካንዳ የተሰቀለ፣ ስቡ ከላይ የቀረ ቀይ ሥጋ ነው። ለቁርጥ ከዚህ የተሻለ የለም። ለኦቨን ግን ገና ነው። ከብቱ ከታረደ በኋላ ጡንቻው ይገትራል፤ ያ መገተር የሚላላው ቀስ በቀስ ነው። ስለዚህ ለእሁድ ግብዣ ሥጋውን ሐሙስ ግዙና እስከ ቅዳሜ ማታ ፍሪጁ ታችኛ መደርደሪያ ላይ ይረፍ። ፍሪጁ ከ4 ዲግሪ በላይ እንዳይሆን፤ መብራት ብዙ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ ግን ይቅርባችሁ፣ ጥብስ ጥበሱ።

ባለ ሉካንዳውን ሽንጥ ሳይመትር፣ ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ አንድ ወጥ አድርጎ እንዲሰጣችሁ ለምኑት። እጁ ልማድ ሆኖበት ሊከትፈው ይነሳል፤ አጠገቡ ቁሙ። የቅርጫ መደብ ለዚህ አይሆንም፤ ከየብልቱ ትንሽ ትንሽ ስለሚደርሳችሁ ለወጥና ለቅቅል ይዋል። ፍሪምባም በዚህ መንገድ አይለሰልስም።

ቅዳሜ ማታ ለአንድ ኪሎ 10 ግራም ያህል ጨው እሹትና ሳትሸፍኑ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ጨው መጀመሪያ ውኃ ያወጣል፣ ካደረ ግን ሥጋው መልሶ ይጠጣዋል፤ ላዩም ይደርቃል። እርጥብ ሥጋ ላይ ቅጠል አይያዝም። «ሁለት ሰዓት ከፍሪጅ ውጪ ይቆይ» የሚለውን ምክር የጻፈው ሰው የአዳማን ሙቀት አያውቅም። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ቅጠሉን በተመለከተ ሩቅ አትሂዱ። የሥጋ መጥበሻው በየግቢው አጥር ሥር በቅሏል፤ ጦስኝ ገበያ አለ፤ ነጭ ሽንኩርትና ቁንዶ በርበሬ ከቤት አይጠፋም። አድቅቃችሁ ከዳቦ ፍርፋሪና ከቀለጠ ንጥር ቅቤ ጋር ለውሱት። በሶብላ ቶሎ ይጠቁራል፣ በርበሬም ኦቨን ውስጥ ይመራል፤ ሁለቱንም ተዉ። መጀመሪያ ሥጋውን ብቻውን በጋለ መጥበሻ በየጎኑ አቅሉት፤ ከዚያ በረድ ሲል ሰናፍጭ ቀቡት፣ ቅጠሉን በእጃችሁ ተጭናችሁ አልብሱት። ሰናፍጩ ሙጫው ነው። ቅጠሉን አልብሳችሁ መጥበሻ ላይ ብትጥሉት ነጭ ሽንኩርቱ አርሮ ቤቱን ያሸታል እንጂ ሥጋው ጣዕም አያገኝም።

ስለ ሙቀቱ ከእናንተም ከወላጆቻችሁም ጋር እጣላለሁ። ቁርጥ በአዋዜ የሚያወራርድ ሰው፣ መሃሉ ቀላ ያለ ሮስቶ ሲቀርብለት «አልበሰለም» ብሎ ይመልሳል! ዕድሜዬን ሙሉ አልገባኝም። በሌላ በኩል የኮሶ ትል ቀልድ አይደለም፤ በጥሬ ሥጋ ነው የሚመጣው። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ለአንድ ወጥ የበሬ ሥጋ የሚያዘው መሃሉ 63 ዲግሪ ደርሶ 3 ደቂቃ እንዲያርፍ ነው። ይህ ለእኛም ይሆናል፤ መሃሉ ቀላ ብሎ ይቀራል፣ ፈሳሹም አይነጥፍም። 70 ሲያልፍ ግን እንደ እኛ ያለ ስብ የሌለው ሥጋ ይደርቃል፣ መረቅም አያድነው።

እንግዲህ ስልክ ከምትቀይሩበት ገንዘብ ቀንሳችሁ የሥጋ ቴርሞሜትር ግዙ። ኦቨኑን 160 ላይ አድርጉት። ሁለት ኪሎ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ ምን ያህል በላይ እንደሆነ በሥጋው ውፍረትና በኦቨናችሁ ጠባይ ይወሰናል፣ ሰዓት አያውቀውም። የቴርሞሜትሩን ሽቦ ወፍራሙ መሃል ላይ ሰክታችሁ 60 ሲል አውጡት፤ ውጪም ሆኖ ጥቂት ዲግሪ ይጨምራል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ካረፈ በኋላ ለኩት፣ 63 ካልደረሰ መልሱት። መብራት በመሃል ከጠፋ በሩን አትክፈቱ፤ ኦቨኑ የያዘው ሙቀት ለጊዜው ይሠራል፤ መብራቱ ሳይመጣ ከቆየ ግን ቆራርጣችሁ ጋዝ ላይ ጨርሱት።

እንግዳ ራበኝ ቢልም ሳያርፍ አትቁረጡ፣ ውኃው ሁሉ መክተፊያው ላይ ይቀራል። ስትቆርጡ የሥጋውን ክር አቋርጣችሁ፣ ስስ አድርጋችሁ። ትሪው ላይ የቀረውን በትንሽ ውኃ ፍቃችሁ አፍሉትና ከላይ አፍስሱበት። የተረፈውን በነጋታው አታሙቁት፤ ከፍሪጅ እንደወጣ ዳቦ ውስጥ ከሰናፍጭ ጋር ይበላል፤ ለእኔ ከትኩሱም ይበልጥብኛል።