መልስ፦ የአካል ጉዳት፣ የአካባቢ ብክለትና እናትነት ምን አገናኛቸው?

እህቴ፣ «አካል ጉዳተኛ ሠዓሊ ስለ አካባቢ ብክለትና ስለ እናትነት መድረክ ላይ ምን ልትል ትችላለች?» ላልሽው፣ ሱናውራ ቴይለርን እዪ። አሜሪካዊት ናት። በዊልቸር ትሄዳለች፣ ብሩሹን በአፏ ይዛ ትሥላለች፣ የልጅ እናትም ናት።

በፈረንጆቹ 1982 ቱሳን፣ አሪዞና ተወለደች። እዚያ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የብረት ማጠቢያ ኬሚካሉን ዝም ብሎ መሬት ላይ ይደፋ ነበር። ሰርጎ የከርሰ ምድር ውሃው ውስጥ ገባ፤ የደቡብ ቱሳን ሰው፣ አብዛኛው የሜክሲኮ ዘር ያለው፣ ያንኑ ጠጣ። እሷም አብሯት የተወለደውን ጉዳት ከዚያ ውሃ ጋር ታያይዘዋለች።

ታዲያ ብዙ ተሟጋቾች «ብክለት እንዲህ ያለ ልጅ ያስወልዳል» ብለው ሰው ያስፈራራሉ። እሷ ይሄ አይዋጥላትም። በበካዩ ተናደዱ፣ የእኔን ሕይወት ግን ማስፈራሪያ አታድርጉት ባይ ናት። (እኔ ብሆን ንዴቱ ላይ በቀረሁ!) የተጎዳ መሬትም እንደ ተጎዳ ሰው እንክብካቤ ይፈልጋል ትላለች። እናትነቱ የሚገባው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ንግግሮቿ ዩቲዩብ ላይ አሉልሽ።