የደብረ ብርሃን ፀሐይና የአኳሪየም አልጌ

ደብረ ብርሃን ላይ ካፌ ያላቸው አንዲት እህት እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «ካፌዬ ውስጥ 120 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም አለኝ። ጎልድፊሽና ተክሎች አሉበት። ክረምቱን በሙሉ ንጹሕ ነበር። ከጥቅምት አጋማሽ ወዲህ ግን መስታወቱ አረንጓዴ ነጠብጣብ ያዘ፣ ተክሎቹ ላይ ፀጉር የመሰለ ነገር ተጠመጠመ፣ አኑቢያስ የሚባለው ተክል ደግሞ ቅጠሉ ጠርዝ ጠርዙን ጥቁር ጺም አበቀለ። ዓሣ የሚሸጥልኝ ልጅ ይህ ሁሉ አልጌ ነው ብሎ መድኃኒቱን ሰጥቶኝ ጨመርኩ። በሁለት ቀን ጠራ፣ በሦስተኛው ቀን ሁለት ዓሣ ሞቱብኝ። አሁን አልጌው ተመልሷል። የተሻለ መድኃኒት የቱ ነው? አኳሪየሙ ያለው በደቡብ በኩል ባለው መስኮት ሥር ነው። መብራቱ ጠዋት 1 ሰዓት ስንከፍት በርቶ ማታ 3 ሰዓት ስንዘጋ ይጠፋል። የውሃ ማሞቂያ (ሂተር) የለኝም።»

እህቴ፣ መድኃኒት መፈለጉን ለጊዜው ይተዉት። ከጻፉልኝ ውስጥ ቁልፉ «ክረምቱን ንጹሕ ነበር» ያሉትና የመስኮቱ አቅጣጫ ነው። ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቦታ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። በደቡብ መስኮት አትገባም፤ በዚያ ላይ የክረምቱ ደመና አለ። መስከረም ከጠባ በኋላ ወደ ደቡብ እያዘነበለች ትሄዳለች። ታኅሣሥ ላይ በደቡብ መስኮት የሚገባው ጨረር ክፍሉ ውስጥ ዘልቆ ይተኛል። ሰማዩ ጠርቷል፤ ከተማዋም 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና ፀሐይዋ ትለበልባለች። እርስዎ አንዳች ነገር ሳይቀይሩ፣ 14 ሰዓት ከሚበራው መብራት ሌላ የሰዓታት የፀሐይ ብርሃን ተጨመረበት ማለት ነው።

ችግሩ በብርሃኑ ብቻ አላበቃም። በዚያው ወራት ውርጭ ይመጣል። ሂተር የሌለው ውሃ በኅዳር ጠዋት 14 ወይም 15 ዲግሪ ቢሆን አይገርመኝም። ተክል ብርሃኑንም በውሃው ውስጥ ያለውንም ምግብ የሚጠቀመው ሲያድግ ነው፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ እድገቱ ይንቀረፈፋል፣ ያልተጠቀመበትም ለአልጌው ይተርፋል። አኑቢያስ በተፈጥሮው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ሞቃት ወንዞች ተክል ነው። ሙቅ ውሃ ውስጥ እንኳ አዲስ ቅጠል ለማውጣት ሳምንታት ይፈጅበታል፤ በእርስዎ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው የሚከርመው። እድገቱ የቆመ ቅጠል ላይ ደግሞ አልጌ በቀላሉ ይበቅላል። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርደው ሸዋ ሮቢት ቢደርሱ ውሃው ያለ ሂተር ሞቃት ነው፤ እዚያ ያለ ተክል 8 ሰዓት መብራት ያለ ችግር ይሸከማል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ብርሃኑ በቅዝቃዜው ልክ መቀነስ አለበት። ይህ ሳይስተካከል ሌላው ሥራ ሁሉ ልፋት ብቻ ነው።

እንግዲህ አኳሪየሙን ከመስኮቱ ያርቁት። ከነውሃውና ከነጠጠሩ ከ120 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ሞልቶ ሳለ እንዳያንቀሳቅሱት፤ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ቦታ መቀየር ካልተቻለ በመስኮቱ በኩል ያለውን ጎን በጥቁር ካርቶን ይሸፍኑ፣ መስኮቱ ላይም ወፍራም መጋረጃ ይስቀሉ። መብራቱ የሚበራበትን ጊዜ በቀን ወደ 6 ሰዓት ያውርዱት። ካፌዎ ማታ ማታ የሚደምቅ ከሆነ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ይብራ፤ ደንበኛም ያየዋል፣ ተክሉም ይበቃዋል። ለዚህ መብራቱን በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ ታይመር ያስፈልግዎታል። የሚሽከረከር ጎማ ያለውን አይግዙ። መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ስለሚቆም የጠፋውን ያህል ወደኋላ ይቀራል፤ ጥቂት ጊዜ መብራት ከሄደ በኋላ አኳሪየሙን እኩለ ሌሊት ላይ ሲያበራ ያገኙታል። ባትሪ ያለውን ዲጂታል ይግዙ።

ከዚያ አልጌውን በእጅ ማውጣት ነው። ፀጉር የመሰለውን በጥርስ ብሩሽ ጠቅልለው ይሳቡት፤ ተጠምጥሞ ይወጣል። የመስታወቱን ነጠብጣብ በምላጭ ይፋቁት፤ ምላጩ ማዕዘኑ ላይ ያለውን ሲሊኮን እንዳይነካ ይጠንቀቁ፣ ማፍሰስ ይጀምራል። የተፋቀውን ወዲያው በቱቦ ስበው ያውጡት።

ጥቁሩ ጺም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ አኳሪየሙን የሚያፈርሰው በእሱ ምክንያት ነው። ቀለሙ ጥቁር ይምሰል እንጂ ከቀይ አልጌ ወገን ነው። ቅጠሉን አውጥተው በጣትዎ ቢያሹት አይለቅም፤ ቢጎትቱትም የቅጠሉ ጠርዝ አብሮ ይቀደዳል። በጣም የተጎዱትን አሮጌ ቅጠሎች ከሥራቸው በመቀስ ይቁረጡ፤ አይሳሱላቸው። ለቀሩት ከፋርማሲ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ፣ 3 በመቶ የሆነውን ይግዙ። ብልቃጡ ላይ 6 በመቶ የሚል ከሆነ እኩል ንጹሕ ውሃ ጨምረው ያቅጥኑት። ውሃውን የሚያጣራውን ፊልተር ያጥፉና ውሃው ሲረጋ፣ መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ ጺሙ ላይ ቀስ አድርገው ይልቀቁት። ቅጠሉ ላይ ጥቃቅን አረፋ ሲንተከተክ ያያሉ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይተው ፊልተሩን ያብሩ። የእርስዎ አኳሪየም ጠጠሩና ድንጋዩ ሲቀነስ የሚይዘው ውሃ 100 ሊትር ገደማ ነውና በአንድ ጊዜ ከ20 ሚሊ ሊትር አይለፉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ጺሙ ወደ ሮዝ፣ ቀጥሎ ወደ ነጭ ይቀየራል፤ ያን ጊዜ ሞቷል። አኑቢያስ ይህን ይችላል፤ ቅጠለ ቀጫጭን ተክሎች ግን ይቃጠላሉና እነሱ ላይ አይልቀቁ። በረኪና የሚመክርዎት ሰው ካለ አይስሙት፤ ዓሣ ባለበት ውሃ ውስጥ ጠብታውም አይግባ።

የሞቱት ዓሣዎች ነገር አሳዝኖኛል፤ ምክንያቱን ቢያውቁት አይደገምም። ብዙ አልጌ በአንድ ጊዜ ሲሞት ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስም የውሃውን ኦክሲጅን ይጨርሳል። ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ እዚህ ያለ ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን በዚያው ሙቀት ቆላ ካለው ውሃ ያነሰ ነው። ለስሕተት የሚተርፍ የለውም። ከአልጌ መድኃኒቶች ብዙዎቹ መዳብ አለባቸው፤ መዳብ ደግሞ ቀንድ አውጣን ይጨርሳል፣ መጠኑ ካለፈም ዓሣን ይገድላል። ከአሁን በኋላ ብዙ አልጌ በሚያወጡበት ቀን የአየር ፓምፑ ሌሊቱንም ይሥራ።

በየሳምንቱ የውሃውን ሲሶ ይለውጡ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሁን። የቧንቧ ውሃ በባልዲ ሞልተው ክፍት አድርገው ያሳድሩት፤ ክሎሪኑ ይወጣለታል፣ ካፌው ውስጥ ስለሚያድርም ብርዱ ይሰበርለታል። ጠዋት ከቧንቧ የወረደ በረዶ የመሰለ ውሃ በቀጥታ አይጨምሩ። ፊልተሩን በቧንቧ ውሃ አይጠቡት፤ ከአኳሪየሙ በወጣው ውሃ ለቅለቅ ያድርጉት፣ ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች ያሉት እዚያ ነው። መብራት ብዙ ሰዓት ጠፍቶ ከመጣም ፊልተሩን ከፍተው ሳያለቀልቁ አያስነሱት። ተዘግቶ የቆየው ውሃ ይበላሻል፤ ሲነሳ ያንኑ ወደ ዓሣዎቹ ይረጨዋል።

ካፌ ስለሆነ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ደንበኞች ዳቦ ይጥሉበታል? ልጆች ካሉ ይጥላሉ። ጎልድፊሽ ደግሞ የተጣለለትን ሁሉ ይበላል፤ የበላውም ያልበላውም መጨረሻው የአልጌ ምግብ ነው። ክዳን ይግጠሙለት። እርስዎም በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ይስጡ። ውሃው በጣም በቀዘቀዘ ሰሞን ከዚያም ይቀንሱ፤ ዓሣውም የሚፈጨው በዝግታ ነው።

ማዳበሪያ አይጨምሩ፤ ለእርስዎ ተክሎች የዓሣዎቹ ኩስ ይበቃል። ገበሬ ቤት የማይጠፋውን ዩሪያና ዳፕ ቆንጥሮ የሚጨምር ሰው አለና በተለይ እሱን አደራ! ሁለቱም ውሃው ውስጥ አሞኒያ ያመጣሉ፣ አሞኒያ ዓሣ ይገድላል፣ ለአልጌም ድግስ ነው።

ተክልን በተመለከተ የእኔ ምርጫ ብርድ የሚችለውን ማብዛት ነው። ሂተር ገዝቶ ውሃውን 20 ዲግሪ ላይ ማቆየት ይቻላል፤ ጎልድፊሽም ይስማማዋል። ነገር ግን መብራት በሚሄድበት ሌሊት ሙቀቱ አብሮ ይወርዳል፣ ተክሉም ዓሣውም ወዲያና ወዲህ ይንገላታል። ከዚያ ይልቅ ሆርንዎርትና ኤሎዲያ የተባሉትን የውሃ ተክሎች ቢያስገቡ ይሻላል። ሁለቱም በቀዝቃዛ ውሃ ያድጋሉ፣ አልጌው የሚፈልገውን ምግብ ቀድመው ይወስዳሉ። ሆርንዎርት ሥር የለውም፤ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ከመብራቱ በታች ጥላ ይሠራል። አኑቢያሱን ከዚያ ጥላ ሥር ያድርጉት። ጎልድፊሾቹ ኤሎዲያውን መቀነጣጠባቸው አይቀርም፤ በዛ አድርገው ይጀምሩ።

ለውጡን በሳምንት አይጠብቁ። ፀጉሩ በሁለትና በሦስት ሳምንት ይሳሳል፤ ጥቁሩ ጺም እስከ ሁለት ወር ሊወስድ ይችላል። የሚያዩት ምልክት አዲስ የሚወጣው ቅጠል ንጹሕ ሆኖ መቆየቱ ነው፤ አሮጌው እንደቆሸሸ ቢቀርም አያስጨንቅዎ። ሆርንዎርቱ በዝቶ ሲቆርጡት ቁራጩን በረሳ ወንዝም ሆነ ቦይ ውስጥ እንዳይጥሉት፤ ከአንዲት ቁራጭ እንደገና ይበቅላል፣ ጣና ላይ እምቦጭ ያደረሰውንም ያውቃሉ። ፀሐይ ላይ አድርቀው ከአትክልትዎ ሥር ይቅበሩት።