አርዌ ተረት ነው ወይስ አፈ ታሪክ?

ጥያቄ፦ የ8ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ተማሪዎቼ ከቤተሰብ የሰሙትን ትረካ እያመጡ ተረት፣ አፈ ታሪክ ወይም ሐተታ ተፈጥሮ ብለው እንዲለዩ አዝዤ ነበር። አንዷ በአክሱም ነግሦ ነበር የሚባለውን ዘንዶ፣ የአርዌን ታሪክ ይዛ መጣች። ግማሹ ክፍል “ዘንዶ እንዴት ይነግሣል? ተረት ነው” አላት። አያቷ የአክሱም ሰው ናቸውና “አያቴ ተረት አላወሩልኝም” ብላ ተቆጣች። የቱን ልክ ልበል? (መምህርት፣ ከደሴ)

መልስ፦ የልጅቷን ልክ ይበሉ።

ብዙ ሰው የሚለየው በይዘት ነው። እንስሳ ካወራ ተረት፣ ንጉሥ ካለበት አፈ ታሪክ። ይሄ ሩቅ አያስኬድም። አሜሪካዊው አጥኚ ዊሊያም ባስኮም እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ጽሑፍ ዋናው መለያ ያደረገው ተራኪውና አድማጩ ነገሩን ያምኑታል ወይ የሚለውን ነው። ተረትን ማንም እንደ እውነት አይይዘውም፣ ጊዜና ቦታም የለውም። አፈ ታሪክ ግን ሆኗል ተብሎ ነው የሚነገረው፣ ቦታውም ይታወቃል። ሐተታ ተፈጥሮም ይታመናል፣ ግን ወደ ዓለም አጀማመር ይሄዳል፣ ብዙ ጊዜም ከእምነት ጋር የተያያዘ ነው።

እስቲ ልጅቷን ይጠይቋት፤ አያቷ “ተረት ተረት” ብለው ነው የጀመሩት? እሷስ “የላም በረት” አለች? ሲጨርሱስ “ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ” ብለዋል? አይመስለኝም። ይሄ አባባል እኮ “የምነግራችሁን አምናችሁ ኋላ እንዳትጣሉኝ” እንደማለት ነው።

አርዌ ደግሞ አድራሻ አለው፣ አክሱም። ሕዝቡ ከብትና ልጃገረድ ይገብርለት ነበር ይባላል። አንጋቦ የሚባል ሰው መርዝ ያበላትን ፍየል ሰጥቶ ገደለውና ነገሠ፤ ንግሥተ ሳባ የእሱ ልጅ ናት የሚሉም አሉ። ትግራይ ውስጥ የሚተረክ ሌላ ዓይነት ግን አለ፣ እኔ እሱን እወደዋለሁ። እዚያ ዘንዶውን የሚገድሉት ቅዱሳን ናቸው፤ ለግብር የቀረበችው ልጅ፣ ኋላ ንግሥተ ሳባ የምትሆነው፣ እግር ላይ ደሙ ይንጠባጠብና ተረከዟ የአህያ ኮቴ ይሆናል፣ ወደ ሰሎሞን የሄደችውም ለመዳን ነው። ገዳዩ ተቀየረ፣ ሀገሩና ንግሥቲቱ ግን አልተለቀቁም።

ግማሹ ክፍልም ቢሆን ዝም ብሎ አልተነሣም። ፊንላንዳዊው አንቲ አርነ እ.ኤ.አ. በ1910 የጀመረው፣ አሜሪካዊው ስቲዝ ቶምፕሰን ያሰፋው፣ ጀርመናዊው ሃንስ ዮርግ ኡተር በ2004 ያደሰው የተረት ዓይነቶች ማውጫ አለ። እዚያ ዘንዶ ገዳዩ ቁጥር 300 ላይ፣ ከአስማታዊ ተረቶች ጋር ተመዝግቧል። ቁጥሩ ግን የታሪኩን አካሄድ ብቻ ነው የሚነግረን። ያው ታሪክ አንዱ ሀገር ልጅ ማስተኛ፣ ሌላው ሀገር የነገሥታት መነሻ ሊሆን ይችላል።

“ሐተታ ተፈጥሮ ነው” የሚል ተማሪ ቢነሣም አይደንግጡ፣ ሊያከራክር ይችላል፤ የመንግሥትን አመጣጥ ስለሚናገር ወደዚያም ያዘነብላል። እኔ ግን አላስገባውም። አርዌ ሲገዛ ሰዉም ከብቱም ነበር፣ የተለወጠው ገዢው ነው። በሚቀጥለው የቤት ሥራ “ማን ነገረህ? አምኖበት ነው የነገረህ?” የሚል ጥያቄ ይጨምሩበት፣ ክርክሩ ግማሽ በግማሽ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ የአለቃ ገብረሃና ቀልዶችስ? ሰውየው በእውነት የነበሩ ስለሆኑ አፈ ታሪክ አይባሉም? (ያው መምህርት)

መልስ፦ አለቃ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ናቸው፣ በአቋቋም፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን ዝማሬና ሽብሸባ፣ ስማቸው የተጠራ። ግን ቀልዱን ሰው የሚያወራው ሆኗል ብሎ ለመመስከር ሳይሆን ለመሳቅ ነው። ስማቸው ስለገነነም የሌላው ቀልድ ሁሉ እየተሰበሰበ በሳቸው ስም ይወራል። ከላይ ያልኩት ማውጫ ለቀልድ ከ1200 እስከ 1999 ያለውን ቁጥር ለብቻው ሰጥቶታል፤ እርስዎም ለብቻው አንድ ረድፍ ይክፈቱለት።