መጋጠሚያው የእናንተ ነው፦ ካገለገሉ ክፍሎች ትንሽ ትራክተር ለመሥራት ለሚያስቡ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በየጋራዡና በየብየዳ ቤቱ እጃችሁን በማሠልጠን ላይ ያላችሁ ወጣቶች፣ ካገለገሉ መኪኖች በተወሰዱ ክፍሎች ለጓሮና ለመስኖ እርሻ የምትሆን ትንሽ ትራክተር ለመሥራት እንደምትፈልጉ ደጋግማችሁ ስለነገራችሁኝ፣ በየመንገዱ በቃል ቆራርጬ ከምመልስላችሁ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ባሰፍረው ይሻላል ብዬ ይህን ደብዳቤ ጽፌላችኋለሁ። አሳባችሁን ከልቤ እደግፈዋለሁ። በድሬዳዋ ዙሪያ በጉድጓድ ውሃ የሚለሙት የሽንኩርት፣ የቲማቲምና የፓፓያ ማሳዎች፣ ወደ ሐረር ሲወጣም በጫትና በማሽላ የተያዙት ጠባብ እርከኖች፣ ትልቅ ትራክተር መዞሪያ የማያገኝባቸው ናቸው፤ ከአንድ ሜትር ብዙ የማይሰፋ ማሽን ግን በዛፎቹ መካከል ገብቶ ሊሠራ ይችላል።

ይህች ከተማችን ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ በደረሰ ጊዜ የተቆረቆረች ናት። ሐዲዱ አዲስ አበባ እስከገባበት እስከ 1909 ዓ.ም. ድረስም ሆነ ከዚያ ወዲህ፣ የምድር ባቡሩ የጥገና ወርክሾፕ ብዙ ባለሙያ አፍርቶባታል፤ እኔም ሙያውን የተማርኩት በዚያው ነው። መለዋወጫ በጊዜው በማይደርስበት ቦታ ያሠለጠኑን አዛውንቶች ካስተማሩን ሁሉ ዛሬ ለእናንተ የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው። ሞተሩ፣ ካምቢዮው (ማርሽ የሚቀየርበት ሳጥን) እና ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ክፍል) በፋብሪካ በትክክል የተሠሩ ናቸው፤ በእናንተ እጅ የሚሠራው አንዱ ክፍል ከሌላው የሚገናኝበት ቦታ ብቻ ነው። ከልዩ ልዩ መኪና የተሰበሰበ ማሽን የሚሰበረውም አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ቦታ ነውና፣ ጊዜያችሁንና ገንዘባችሁን ከሁሉ በፊት ለመጋጠሚያው አውሉት።

ብዙዎቻችሁ ሞተር ገዝታችሁ ነው ሥራውን የምትጀምሩት። እኔ የምመክራችሁ ከመሬቱ፣ ማለትም ከኋላ ጎማው እንድትጀምሩ ነው። ትራክተር አፈር ሲያርስ በሰዓት ወደ 4 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በቂ ነው፤ ይህም በደቂቃ 67 ሜትር ያህል ማለት ነው። የኋላ ጎማችሁ ከዳር እስከ ዳር 65 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ አንድ ጊዜ ሲዞር ሁለት ሜትር ያህል ስለሚሄድ በደቂቃ 33 ዙር ይበቃዋል። ሞተራችሁ ደግሞ በደቂቃ 2000 ዙር የሚሠራ ከሆነ፣ በሞተሩና በጎማው መካከል ፍጥነቱን 60 ጊዜ ያህል የሚቀንስ ነገር ያስፈልጋችኋል። የመኪና ዲፈረንሻል ወደ አራት ጊዜ፣ አንደኛ ማርሽም እንዲሁ ወደ አራት ጊዜ የሚጠጋ ይቀንሳሉ፤ ሁለቱ ተባዝተው 16 ጊዜ ብቻ ስለሚሆኑ፣ ማሽኑ በአንደኛ ማርሽ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይሮጣል ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ማረሻውን መቆጣጠር አይቻልም፤ ሞተሩም ይታነቃል። ስለዚህ ሁለት ካምቢዮ አንዱን ከሌላው ኋላ አድርጎ ማጋጠም፣ በዚህ ሙያ በብዙ አገር የተለመደ መፍትሔ ነው፤ አራት በአራት በአራት ሲባዛ 64 ይሆንና የምትፈልጉት ፍጥነት ላይ ያደርሳችኋል። ይህን ስሌት ብረት ከመቁረጣችሁ በፊት በወረቀት ሥሩት።

ጎማውና ቅነሳው ከታወቀ በኋላ የሞተሩ ምርጫ ቀላል ነው። ለመስኖ ፓምፕ የሚሸጠው ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር፣ 12 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ለእንዲህ ያለ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ጉልበት መጨመር መሳብ መጨመር አይደለም፤ የሚስበው ጎማው መሬቱን የሚጨብጥበት ክብደት ነውና፣ ክብደቱ ካልበቃ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ ክብደቱ ከልክ ካለፈ ደግሞ ያ ሁሉ የተባዛ ኃይል አክስሉን (ጎማዎቹን የሚያዞረውን ዘንግ) ይጠመዝዘዋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታው በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ግን አስቡ፤ ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ያህል፣ ሐረር ደግሞ ከ1800 ሜትር በላይ ስለሆኑ፣ በሐረር የሚሠራው ማሽን ከአምስት እጅ አንድ እጅ የሚጠጋ ጉልበት ያጣል። በድሬዳዋ የሚያሳስበው ሙቀቱ ነው፤ የራዲያተሩን ፊት በምንም ነገር አትሸፍኑ።

የኋላ አክስልን በተመለከተ፣ በሁለቱም ከተሞች ለብዙ ዘመን ታክሲ ሆኖ ያገለገለው የፔጆ 404 አክስል በቀላሉ ስለሚገኝ ብዙ ጊዜ ትጠይቁኛላችሁ። ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ በወፍራም ቱቦ ውስጥ የተሸፈነ በመሆኑ ማሳጠሩ ጥሩ ቶርኖ ቤት ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ በዲፈረንሻሉ ውስጥ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ብረት ከነሐስ የተሠራ ባለ ጥርስ ክብ ስለሚያዞር፣ ለሌሎች ዲፈረንሻሎች የሚጨመረው ድኝ ያለበት ዘይት ነሐሱን ይበላዋል። ለነሐስ የሚስማማ ዘይት ጠይቃችሁ ግዙ፤ በዘይት የተቆጠበ ገንዘብ የማይተካ ጥርስ ያስከፍላል።

አሁን ወደ መጋጠሚያው ልምጣ። የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ላይ ያለው ጥርስ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ፣ ለእርሱ የሚሆን እናት ጥርስ (ዘንጉ የሚገባበት ባለ ጥርስ ቀዳዳ) ለማስቀረጽ አትድከሙ። የዚያው ካምቢዮ የፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚለያየው ክፍል) ዲስክ ቢያልቅም እንኳ መካከሉ ላይ ያለው እምብርት በትክክል የሚገጥም ጥርስ አለው፤ ሸራውን (የሚያልቀውን የዲስኩን ሽፋን) አስወግዳችሁ እምብርቱን ብቻ አውጡና ቶርኖ ቤት በተሠራ ፍላንጅ (በዘንግ ጫፍ ላይ ያለ ክብ ማያያዣ ብረት) ላይ አስበይዱት።

ሁለት ዘንጎች ፊት ለፊት ሲገናኙ በዓይን መስመር የያዙ መስለው መታየታቸው በቂ አይደለም። በአንደኛው ዘንግ ላይ የማይተጣጠፍ ሽቦ አጥብቃችሁ እሰሩና፣ ጫፉ የሌላውን ፍላንጅ ዳር ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አቁሙት። ከዚያ ዘንጉን በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ እያዞራችሁ፣ በሽቦውና በፍላንጁ መካከል ያለውን ክፍተት በላይ፣ በታች፣ በቀኝና በግራ በስስ ቆርቆሮ ለኩ። ከላይ ጠብቦ ከታች ከሰፋ፣ ሽቦው የታሰረበት ዘንግ ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ ከፍ የሚደረገው በልዩነቱ ሙሉ ሳይሆን በልዩነቱ ግማሽ ነው። ይህንንም ከእግሩ ሥር ስስ ቆርቆሮ በማስገባት ታስተካክሉታላችሁ። ክፍተቱ በአራቱም አቅጣጫ እኩል ሲሆን ነጥብ ነጥብ አድርጋችሁ በይዱ፣ እንደገና ለኩ፣ ከዚያ ጨርሱ። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ብረቱን ወደራሱ ይስባልና ካለቀ በኋላም ለኩ። ይህን ሥራ ቸኩሎ የሚያልፍ ሰው ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ባለ ኳስ ቀለበት) ሲቀይር ይኖራል።

በሁለቱ ካምቢዮዎች መካከል ክሮቼራ (ዘንጉ እያዘነበለ እንዲዞር የሚያደርግ የመስቀል ቅርጽ ያለው መጋጠሚያ) ያለው አጭር ዘንግ የምታስገቡ ከሆነ፣ በዘንጉ ሁለት ጫፎች ያሉት ሹካዎች በአንድ አቅጣጫ መመልከት አለባቸው፤ በሁለቱም ጫፍ ያለው ዝንባሌም እኩል መሆን አለበት። ዘንጉን ቆርጣችሁ ስታሳጥሩ ከመቁረጣችሁ በፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ መስመር ብታሰምሩ ሹካዎቹ ቦታቸውን አይስቱም።

የአዟዟሩን አቅጣጫም አትርሱ፤ ቺንጊያ (ኃይልን ከአንዱ ፑሌጅ ወደ ሌላው የሚያስተላልፍ ቀበቶ) አቅጣጫን እንዳለ ያስተላልፋል፣ የሚነካኩ ሁለት ጥርሶች ግን ይገለብጡታል። ሳትጠነቀቁ ከገጠማችሁ ብዙ የኋላና አንድ የፊት ማርሽ ያለው ትራክተር ይወጣላችኋል። የድሮ ላንድሮቨር ብሎን በኢንች፣ የፔጆው በሚሊ ሜትር መሆኑንም እወቁ፤ በግድ የገባ ብሎን ጥርሱን ይበላል።

ሰው የሚገድለውን ነገር የምነግራችሁ በሙሉ ትኩረት እንድታነቡት ነው። ማረሻው ወይም ጋሪው የሚታሰርበት ቦታ ከኋላ አክስሉ መሐል በታች መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ከታሰረ፣ ማረሻው ሥር ወይም ድንጋይ በያዘው ጊዜ የትራክተሩ ፊት ይነሣና ሁለት ሴኮንድ ሳይሞላ በነጂው ላይ ይገለበጣል፤ ፍሪሲዮን ለመርገጥ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ፍሬኑን በሁለቱም የኋላ ጎማ ላይ እንዲሠራ አድርጉ፤ ተዳፋት ላይ የሚያቆም የእጅ ፍሬንም ይኑረው። ቺንጊያውንና የሚዞረውን ዘንግ በላሜራ ሸፍኑ። በአገራችን ሽርጥ ታጥቆ፣ እናቶችም ሻሽና ነጠላ ጣል አድርገው ማሳ መግባት የተለመደ ነው፤ ልብስ በሚዞር ዘንግ ከተጠለፈ ሰውየውን ይዞት ይሄዳል። ላሜራው ሳይገጠም ሞተሩን ለማንም አታስነሡለት፣ የማሽኑ ባለቤት ቢለምናችሁም።

ማሳ ገብቶ ጥቂት ሰዓት ከሠራ በኋላ ብሎኖቹን ሁሉ ዳግመኛ አጥብቁ፤ የካምቢዮዎቹንና የዲፈረንሻሉን ዘይት ንጹሕ ዕቃ ውስጥ አፍስሱና በማግኔት እዩት። እንደ ዱቄት የላመ ብረት ከጥርሶች መላመድ የሚመጣ ነው፤ ስብርባሪ ካገኛችሁ ግን ክፈቱት። የነሐሱን ብናኝ ማግኔት አያነሣውምና እርሱን በፀሐይ ብርሃን በዓይናችሁ ፈልጉ።

ማሽኑን ከማስረከባችሁ በፊት አንድ ቁራጭ ላሜራ ላይ በቀለም ጻፉና ከመቀመጫው ሥር ግጠሙት፦ ካምቢዮዎቹና አክስሉ ከየትኛው መኪና እንደመጡ፣ ሞተሩ በደቂቃ ከስንት ዙር ማለፍ እንደሌለበት፣ የቺንጊያውን ልክ፣ የየክፍሉን ዘይት ዓይነት፣ የኩሽኔታዎቹን ቁጥር። 6205 ተብሎ የተጻፈ ኩሽኔታ የውስጡ ቀዳዳ 25፣ የውጩ ክብ 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር መሆኑን ዕቃ ሻጩ ከቁጥሩ ብቻ ያውቀዋል። እንዲህ ያለው ማሽን በየትም መመሪያ መጽሐፍ ስለማይገኝ፣ ከዓመታት በኋላ የሚፈታው መካኒክ ገበሬውን በመዝሪያው ወር ሥራ ሳያስፈታ ሊጠግነው የሚችለው በዚያ ላሜራ ነው።