በተከራየሁት ቤት በር ላይ ለድመቴ ቀዳዳ አስከፈትኩ፣ አከራዬ ልቀቂ አሉኝ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂያችን ደብረ ማርቆስ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታ የምትኖር አስተማሪ ናት። እናቷ ከብቸና የሚልኩላትን ጤፍ አይጥ ኬሻውን እየቀደደ ሲያስቸግራት ድመት አሳደገች፣ ቀኑን ትምህርት ቤት ስለምትውል ደግሞ ድመቷ እንደልቧ ትግባ ትውጣ ብላ በያጅ ጠርታ የላሜራውን በር ከሥሩ አንድ ስንዝር ያህል አስቆረጠችና በከመነዳሪ መጋረጃ አሰራችለት። አከራይዋ ሲያዩት አዲስ በር አሠሪ 18 ሺህ ብር ነው፣ በዚህ ሳምንት ቤቴን ልቀቂ፣ አለዚያ ንብረት አበላሸች ብዬ ፖሊስ ጣቢያ እከስሻለሁ አሏት። ጎረቤቷም ድመትሽ ሦስት ጫጩት በላችብኝ ብላለች። የጽሑፍ ውል የላቸውም፣ ኪራዩን በየወሩ በቴሌብር ነው የምትልከው።

እህትዓለም፣ መጀመሪያ የማይጥምሽን ልንገርሽ። በሩ ያንቺ አይደለም። ተከራይ ቤቱን የሚጠቀመው እንደተረከበው ነው፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መቁረጥ፣ መቅደድ፣ ግድግዳ ማፍረስ አይችልም፣ ሲለቅም እንደነበረ አድርጎ ማስረከብ አለበት። እንደ መቀርቀሪያ መላላት ያለ ከአጠቃቀም የሚመጣ ትንንሽ ጥገና ተከራይ ላይ ይወድቃል፣ ግን ጥገናና ለውጥ ለየቅል ናቸው፣ አንቺ ያደረግሽው ለውጥ ነው። ለጤፉ ብዬ ነው ማለትሽ ሽማግሌ ፊት ይጠቅምሻል፣ ዳኛ ፊት ግን ፈቃድ አይሆንልሽም። ስለዚህ አከራይሽ መቆጣታቸው ልክ ነው፣ ይሄን አምነሽ ብትጀምሪ ይሻልሻል።

ይሁን እንጂ ተቆጡ ማለት ያሉት ሁሉ ይፈጸማል ማለት አይደለም።

18 ሺውን እንየው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1799 ውል ባለመፈጸሙ የሚከፈል ካሳ በተለምዶ ከሚደርሰው ጉዳት ጋር እኩል ነው የሚለው። የተቆረጠው አንድ ስንዝር ከሆነና በያጅ ላሜራ ለጥፎ፣ አሽቶ፣ ቀለም ቀብቶ እንደነበረ ሊያደርገው ከቻለ ጉዳትሽ ያ ወጪ ነው፣ ሙሉ በር አይደለም። ስለዚህ ዛሬውኑ ከሁለት ብየዳ ቤት በጽሑፍ ዋጋ አሰጪ፣ ፕሮፎርማ ይበሉት ወይ ዋጋ ማቅረቢያ፣ ዋናው ማህተምና ቀን ያለው ወረቀት መሆኑ ነው፣ በሩንም ከውስጥም ከውጭም ፎቶ አንሺው። በሩ ድሮም ከሥሩ ዝጎ ከነበረ ዝገቱ በደንብ ይታይ።

አንድ ጊዜ ይሄን የመሰለ ጉዳይ ይዤ ቤቱ ድረስ ሄጄ ነበር። ቀዳዳው ትንሽ ነው ተብዬ ነው የሄድኩት፣ ጎንበስ ብዬ ሳየው ግን የመቀርቀሪያው ዘንግ ከቀዳዳው ብዙም አይርቅም፣ የአከራዩ የልጅ ልጅ የአሥር ዓመት ልጅ ነው፣ እጁን አስገባና ፊታችን መቀርቀሪያውን ገፍቶ በሩን ከፈተው። ከዚያ በኋላ ክርክሩ የድመት መሆኑ ቀረ፣ ቤቱ ለሌባ ተከፍቷል የሚል ሆነ፣ ደንበኛዬም ዝም አለ። የላሜራው ጠርዝም ሳይታሽ ስለቀረ እንደ ምላጭ ነበር። ይሄን የምነግርሽ ያንቺንም እጅሽን አስገብተሽ ሞክሪው ለማለት ነው፣ መቀርቀሪያው ላይ የሚደርስ ከሆነ ከማንም ጋር ሳትከራከሪ ዛሬ ማታ ሳይመሽ አስደፍኚው፣ ብቻሽን የምትኖሪ ሴት ነሽ።

ልቀቂ ስላሉሽ። ውሉ በጽሑፍ ባይሆንም የቴሌብር መልእክቶቹ ተከራይ መሆንሽን ያስረዳሉ፣ አንዱንም አታጥፊ። ጊዜ ያልተወሰነለት ኪራይ እንኳ ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል፣ በዚህ ሳምንት ውጪ የሚባል ነገር የለም፣ እምቢ ካልሽ ደግሞ በፍርድ ቤት ነው የሚያስወጡሽ እንጂ በር ላይ ቁልፍ ለውጠው ወይ ውሃና መብራት ቆርጠው አይደለም። ግን ልብ በይ፣ አስተካክይ ተብለሽ እምቢ ካልሽ ውሉን ለማፍረስ ምክንያት የምትሰጫቸው አንቺ ነሽ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚባልም አለ፣ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ ይላል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጪ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ ወደ ከተማው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ጎራ ብለሽ እዚህ ተጀምሯል ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ተጀምሮ ከሆነ ይሄ ጠብ ውላችሁን በጽሑፍ ለማድረግ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

የፖሊሱ ነገር እንቅልፍ አይንሳሽ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 689 የሚቀጣው የሌላ ሰው ንብረት ላይ ሆን ብሎ ጉዳት ማድረስን ነው፣ በመደበኛው ሁኔታ ደግሞ በግል አቤቱታ የሚቀርብ ነው፣ ከታረቃችሁ እዚያው ያልቃል። ደብቀሽ አላደረግሽውም፣ በቀን በያጅ ጠርተሽ ነው፣ ሐሳብሽም መጉዳት አልነበረም፣ በእኔ እምነት ይሄ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። መጥሪያ ከመጣ ግን አትቅሪ፣ ሄደሽ ያለውን ተናገሪ፣ ሳታነቢ ምንም ወረቀት ላይ እንዳትፈርሚ።

ጫጩቶቹን ክፈይ። ይሄን እንደ ምክር ብቻ አትውሰጂው፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፣ አምልጦት ቢሆንም፣ ይሆናል ብሎ ያላሰበው ነገር ቢሆንም። ባለቤቱ ጥፋት ከሌለበት እንስሳውን ለተጎጂው ለቆ ከኃላፊነት የሚወጣበት መንገድም አለ፣ አንቀጽ 2074 ላይ፣ ግን ለሦስት ጫጩት ብለሽ ድመትሽን አሳልፈሽ አትሰጪም መቼም። ጎረቤትሽ በላችብኝ ስላለች ብቻ ሳይሆን ያንቺ ድመት መሆኗን ያየ ሰው ካለ ጠይቂያት፣ ካለ የጉሊቱን ዋጋ ስጫት፣ ነገ መንገድ ላይ ሰላም የምትያት ሰው ናት።

ድመት ሆኖ ነው እንጂ ይሄ ነገር ውሻ ቢሆን በጣም ይከብድ ነበር። በአጥር ሥር ለውሻ ማለፊያ የምትከፍቱ ሰዎች ስላላችሁ ነው፣ በዚያ ቀዳዳ ወጥቶ መንገደኛ ከነከሰ ያው 2071 ነው፣ በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 559 ያስጠይቃል። የውሻችሁን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርድ ቤት ውስጥ አስቀምጡ፣ ሰው ከተነከሰ ክርክሩ ይቆይና ቁስሉን ወዲያው ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥባችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚመለስ አይደለም።

ወዳንቺ ልመለስ። ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት አከራይሽ የሚያከብሯቸውን ሁለት ሽማግሌ ላኪ፣ አንቺም አብረሽ ሂጂና ይቅርታ ጠይቂ፣ ከዚያ ሁለት አማራጭ አቅርቢላቸው፣ ወይ አሁኑኑ አስደፍነዋለሁ፣ ወይ ቀዳዳው እኔ እስከምለቅ ይቆይና ስወጣ በራሴ ወጪ እንደነበረ አደርገዋለሁ። ብዙ አከራይ ሁለተኛውን ሲሰማ ይለሳለሳል፣ አይጡ የእሳቸውንም ቤት ነው የሚበላው። የተስማማችሁበትን ግን በቃል እንዳትተዉት፣ ቀን፣ የበሩ ሁኔታ፣ ወጪው የማን እንደሆነ፣ ስለ ልቀቂውና ስለ ክሱ ምን እንደተባባላችሁ ተጽፎ ሁለታችሁም ሽማግሌዎቹም ይፈርሙበት፣ አንድ አንድ ኮፒ ያዙ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3312 እርቅ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ሁለት ጊዜ አንብቢው። እምቢ ካሉ ፕሮፎርማውን፣ ፎቶውንና የቴሌብሩን መልእክት ይዘሽ ነይ፣ መልሱን አብረን እንጽፋለን።